እንዝርቱ ለማን ነው?

ላስታ፣ ከላሊበላ ማዶ
ጥር 14 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለአጎቴ ልጅ ለጋሻዬ፣

የአባቶቻችን አምላክ ባለህበት ቆላ ይጠብቅህ፤ ከወባውም፣ ከጎርፉም፣ ከክፉ ጎረቤትም ይሰውርህ። እኔ ከጉልበቴ ቁርጥማትና ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ። ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። መሠረተ ትምህርት የመጣ ጊዜ ሽማግሌ ፊደል አይገባውም ብላችሁ ስትስቁ አንተም አብረህ ስቀሃል። ይኸው ገባኝ።

ይዞልህ የሚመጣው የሰፈራችሁ ድሬሰር ወልደ ኪዳን ነው። ለክሊኒኩ ሥራ በመንግሥት መኪና ደሴ በመጣ ቁጥር እናቱን ለማየት ወደኛ ብቅ ይላል። መልስህን በእሱ ላክ። በፖስታ የሄደን ደብዳቤ ብዙ ዓይን ያየዋል።

ዘንድሮ ዝናቡ ደህና ነበር፤ ገብሱ ቁመት ባይኖረውም ፍሬ ይዟል። መሬትህን ሊቀመንበሩ አለሜ ለአማቹ ሰጠው። የሄደ ሰው መሬት የለውም ይላል። እኔ አርሼ ላቆይለት ብለው፣ "አንተ እንኳ ዝም በል፤ ስለ ጋሻዬ የምትናገርበት አፍ የለህም" አለኝ። ለምን እንዲህ እንዳለኝ እንጃ።

ሰፋሪ የሚጭኑት መኪኖች የመጡ ለት ልሸኝህ ያልቻልኩት አህያዬ ጠፍታብኝ ነው። ፍለጋው ሦስት ቀን ፈጀ።

ሌላም ልጠይቅህ። ባሏ የሞተባት፣ ከገብርኤል ግርጌ ቤቷ የነበረው ሸጌ እናንተ ሰፈር ናት ይላሉ። እውነት ነው? ጎረቤቷ ማን ነው? እንጨት ማን ይፈልጥላታል? እንዲያው የአገር ሰው ናትና ለማወቅ ያህል ነው።

ቢሆነኝ ገብረመስቀል፣ በራሱ እጅ


ወለጋ፣ መንደር ዘጠኝ
ግንቦት 2 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለታላቅ ወንድሜ ለአያ ቢሆነኝ፣

ከእግርዎ ዝቅ ብዬ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የላስታ አድባር ጤናዎን ይጠብቅልኝ። የእጅዎን ጽሑፍ አይቼ ስቄያለሁ፤ በክፉ አይደለም። ፊደሎችዎ እርስዎን ነው የሚመስሉ፤ አንዱም ጎንበስ ብሎ አልሄደም።

እዚህ በቆሎው ከቤት ይረዝማል። መሬቱ ጥቁር ነው፣ ድንጋይ አያውቅም፤ ማረሻው ሲገባበት ድምፅ የለውም። እኔ ግን ያ የድንጋዩ ድምፅ ካልተሰማኝ ያረስኩ አይመስለኝም። ከቀበሌያችን ከመጣነው ከአስሩ አባወራ ሦስቱን ወባ በልቷቸዋል። ጠዋት ይቆጥሩናል፣ ማታ ይቆጥሩናል።

መሬቴን የወሰደው ሰው ይብላው። መንግሥት የወሰነውን ማን ይመልሰዋል? ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ይባል የለ።

አህያዎ በመገኘቷ ደስ ብሎኛል። ግራጫዋ ናት አይደል? እሷን እንኳ ያን ለት ጠዋት ከደጅዎ ታስራ ያየኋት መስሎኝ ነበር። ተሳስቼ ይሆናል።

ሸጌ ደህና ናት፤ ሰላም ብላዎታለች። እንጨት አልቸገራትም።

የሚቻልዎ ከሆነ ነጭ ሽንኩርት ይላኩልኝ፤ ለወባው ይበጃል ይላሉ። ጭብጥ የተልባ ዘርም ይጨምሩበት። አንድ እንዝርትም ቢገኝ።

ታናሽዎ ጋሻዬ


ላስታ
ሐምሌ 20 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለጋሻዬ፣

ጤና ለአንተ ይሁን። እኔ ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽም።

ነጭ ሽንኩርቱ ተልኳል። ተልባውም ተልኳል። እንዝርቱ አልተላከም። እንዝርቱ ለማን ነው? አንተ ከመቼ ወዲህ ነው የምትፈትል? ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው፤ በላስታ ምድር ሸማ የሚሠራ ወንድ አይቻለሁ፣ የሚፈትል ወንድ ግን አላየሁም።

ወልደ ኪዳንን ይዤ ጠየቅኩት። "በማን ቤት ነው ጥጥ ያለው?" ብለው፣ "አባ ቢሆነኝ፣ እኔ የማውቀው በማን ቤት ወባ እንዳለ ነው" አለኝ።

"እሺ፣ ሸጌ ወባ የያዛት ጊዜ በማን ቤት ተኝታ አገኘሃት?" አልኩት።

ጎንበስ ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ። የተጫማው ጎማ ጫማ ነው፤ ማሰሪያ የለውም።

በገብርኤል ማኅበር ከእኔ ቀጥላ ጽዋ የምትጠጣው እሷ እንድትሆን ሳደርግ አጠገቤ ተቀምጠህ ነበር። ምን ማለት እንደሆነ ያልገባው ሰው በዚያ ቤት አልነበረም። አፍ አውጥቼ ያልጠየቅኳት የሚስቴ የይማርሽ ተዝካር ስላልወጣ ነው። የሞተች ሚስቱን ተዝካር ሳያወጣ የሌላ ሴት ደጅ የሚቆም ሰው ከእኛ ቤት አልተወለደም። የተዝካሩን ገብስ አስቀምጬ ነበር። አለሜ ለኮታ አምጣ ቢለኝ፣ የሙት እህል ነው አልሰጥም አልኩት። እንቢ አልኩ፣ አስቀረሁት። ከዚያ ድርቁ መጣና ገብሱን እኔው ቆርጥሜ ጨረስኩት። ይህን ሁሉ ታውቃለህ።

ግፍ የሆነ ትእዛዝ ትእዛዝ አይደለም፤ የሚያዘው ሰው ጠመንጃ መያዙ ትእዛዝ አያደርገውም። አንተ ግን ውጣ ሲሉህ ወጣህ። መሬትህን ሲወስዱ ይብላው አልክ። አሁን ደግሞ ምን ብለው አዘውህ ነው እንዝርት የምትለምነኝ? ሳትሸፋፍን ጻፍልኝ።

ለሸጌ ሰላምታ አልላክሁም። በአንተ አፍ እንዲደርሳት አልፈልግም።

ቢሆነኝ


መንደር ዘጠኝ
ኅዳር 9 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለአያ ቢሆነኝ፣

ቁጣዎ ከነጭ ሽንኩርቱ ጋር ደርሶኛል፤ ለሁለቱም እግዜር ይስጥልኝ። ሳትሸፋፍን ብለውኛልና አልሸፋፍንም።

በመጣን በሁለተኛው ወር አዘዙ። ነጠላ ወንድ ጎጆም ጓሮም አይሰጠውም፤ ነጠላ ሴት ወደ ሌላ ጣቢያ ትዛወራለች። ያኛው ጣቢያ ከእኛ አገር አንድ ሰው የለበትም። ተራዬ ሲደርስ መዝጋቢው "የሚስት ስም?" አለኝ። ሸጌ ከኋላዬ ቆማ ነበር። ዞር ብዬ አየኋት። "አስጽፈኝ" አለችኝ። አስጻፍኳት።

ግፍ ነው ይሉኛል። ነው። ግን እኔ እንቢ ብል ጎጆው ይቀርብኛል፤ እሷ ደግሞ ሰው በማታውቅበት ትጣላለች። ያን ጊዜ የታየኝ ይህ ነው።

አሁን የምጽፈውን በልቤ ልይዘው ምዬ ነበር። እርስዎ አስወጡኝ።

መኪኖቹ የመጡ ለት ከቀበሌያችን አስር አባወራ ተፈለገ። አለሜ ስም ሲያነብ ሰባተኛው ቢሆነኝ ገብረመስቀል ነበር። የገብሱን ቂም መያዙ ነው። ሦስት ጊዜ ተጠሩ። እኔ ስሜ የለም፤ ፍየል ልሸጥ ስወርድ ሕዝብ አይቼ ነው የቆምኩት። እርስዎ ሲታጡ አለሜ ወረቀቱን አጠፈና "ደማቸው አንድ ነው፣ ይኸኛው ይበቃል" ብሎ ክንዴን ያዘ። ፍየሏን ለማን ሰጥቼ መኪና ላይ እንደወጣሁ ዛሬም አላስታውሰውም።

እርስዎ እንቢ ያሉት ትእዛዝ አልተሻረም፣ አያ ቢሆነኝ። እኔ ላይ ወደቀ።

ሸጌም ስሟ አልነበረም። የእርስዎ ስም ገና መጀመሪያ ሲጠራ ከሴቶቹ መሃል ወጥታ ሄዳ "እኔንም ጻፉኝ" አለች። ማንም አላዘዛትም። ወዲያው መኪና ላይ ስላወጧት እርስዎ መታጣትዎን አላየችም። መኪናው ከተነሳ በኋላ "አያ ቢሆነኝ በየትኛው ላይ ነው ያሉ?" ብላ ጠየቀችኝ። "በኋለኛው" አልኳት። ሁለት ቀን ሙሉ በኋለኛው እያልኳት ሄድን።

እንዝርቱን የፈለገችው እሷ ናት።

ጋሻዬ


ላስታ
ሰኔ 11 ቀን 1979 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጋሻዬ፣

እግዚአብሔር የቻልከውን ያህል ዕድሜ ይስጥህ። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ስድስት ወር ሆነ። ወልደ ኪዳንን አንድ ጊዜ ባዶ እጁን መልሼዋለሁ። ወረቀት አጥቼ አይደለም።

እንዝርቱ ተልኳል። ከወይራ የጠረብኩት ራሴ ነኝ።

አህያዋ አልጠፋችም ነበር። አሸተን ተራራ ግርጌ ዋሻ ውስጥ ነበርኩ። አለሜ ሊመጣ ነው የሚል ወሬ ሲደርሰኝ ቆሎ ቋጥሬ ገባሁ። ሦስት ቀን እዚያ ተቀምጬ፣ "አለሜን ጉድ ሠራሁት" እያልኩ ብቻዬን ስቄያለሁ። አንተ ያን ጊዜ መኪና ላይ ነበርክ። ይቅር በለኝ የሚለውን ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። እንዳልኩህ ቁጠርልኝ።

ቅናቱ ግን አልለቀቀኝም፤ እንዲያውም ባሰበት። ድሮ የምቀናው ያላየችኝ ሴት አንተን አየች ብዬ ነበር። አሁን ግን ለእኔ ብላ ወጥታ አንተ ዘንድ መግባቷን አወቅሁ። የእኔን ስም ሰምታ የሄደች ሴት በአንተ ስም ትቆጠራለች። ሁለት መኸር ካንተ ጋር በላች። ቂጣ ስትጋግር ጭሱ የሚገባው አንተ ዓይን ነው። ሰው በጭስ ይቀናል? እኔ ቀናሁ።

አለሜ ዘንድ ሄጄ፣ "ስሜን ጻፍ፣ እኔም ልሂድ" አልኩት። በሳቅ ሊሞት። "መንግሥት የፈለገህ ጊዜ አንተ አልፈለግህም፤ አሁን አንተ ስትፈልግ መንግሥት ሽማግሌ አይፈልግም" አለኝ። ሰው ሁሉ እየሰማ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምንሃለሁ፤ ለምኜህ አላውቅም። ልቀቃት። ከሰፈራ የጠፋ ይታሰራል መባሉን አውቃለሁ። ቢሆንም ሰው በእግሩ ወደ አገሩ እየገባ ነው፤ ከኮን የተወሰዱ ሁለት ሰዎች ባለፈው ወር ገብተዋል፣ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። ፈቃዷ ከሆነ "ሂጂ" በላት። አንተ ዕድሜህን ስትታዘዝ ኖረሃል፤ ይህን አንዱን እንቢ በልልኝ።

ሌላም ልጠይቅህ። እዚያ ጎጆ ውስጥ መደቡ ስንት ነው?

ቢሆነኝ


መንደር ዘጠኝ
ጥር 6 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለአያ ቢሆነኝ፣

የከርሞ ሰው ይበለን። ይቅር በለኝ ያሉትን እንዳሉኝ ቆጥሬዋለሁ።

ደብዳቤዎን አነበብኩላት። ከመደቡ በቀር ሁሉንም።  በአራተኛው ቀን በቆሎ ስንፈለፍል፣ "ተዝካሩን አወጡ?" አለችኝ።

"አላወጡም መሰለኝ።"

"ለሞተችው ይህን ያህል የሚጨነቁ ሰው፣ ለቆመችው አንድ ቃል ምነው ከበዳቸው?" አለች።  ክረምቱ እስኪወጣ ጠበቀች። ኅዳር 21 ቀን ከአምስት ሰዎች ጋር ሄደች። ቆሎዋን የቆላሁላት እኔ ነኝ፤ ግማሹ አረረ።

እዚህ ደንቡ እንዲህ ነው፦ ከቤቱ ሰው የጎደለበት አባወራ በዚያው ቀን ያስታውቃል። በማግስቱ ቆጣሪው "ሸጌ?" ሲል፣ "ወባ ይዟት ተኝታለች" አልኩ። ወልደ ኪዳንን ጠርቶ "ግባና እያት" አለው። ወልደ ኪዳን ገባ። ብዙ ቆየ። ሲወጣ፣ "ትኩሳቷ ከባድ ነው፤ ማንም እንዳይጠጋት" አለ። ባዶውን መደብ ዘጠኝ ቀን አከመልኝ። ኪኒን ሳይቀር ጽፎላታል። ይህን የምጽፍልዎ ደብዳቤውን የሚይዘው እሱ ራሱ ስለሆነ ነው።

በአስረኛው ቀን ካድሬው ገባ። ወልደ ኪዳን "ትናንት ነበረች" ብሎ ተረፈ። እኔን ሃያ ቀን አሰሩኝ። ጓሮዬን ወሰዱት። ጎጆውም ክረምት ሲገባ ለባለ ልጆች ይሰጣል ተብሏል፤ እኔን ወዴት እንደሚያደርጉኝ አላውቅም።

በዕድሜዬ እንቢ ስል ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እርስዎ ዋሻ ውስጥ ስቄ ነበር ብለዋል። እኔን አላሳቀኝም። ጠዋት ጠዋት ስሟ ሲጠራ በዱላዬ ተደግፌ ነው የዋሸሁ። አሁንም ቢሆን መታዘዝ ይቀለኛል፣ አልደብቅዎም። ግን ትእዛዙን ሁሉ ስፈጽም ኖሬ፣ አንድም ቀን እንደ እነዚያ ዘጠኝ ቀናት ቤቴን የእኔ ነው ብዬው አላውቅም።

ከገባች ይጻፉልኝ። መንገዷ ላይ ያለው ወንዝ ያሳስበኛል።

ስለ መደቡ ጠይቀውኛል። አልመልስም። እሷ ከፈቀደች ትንገርዎ።

ጋሻዬ


ላስታ
ሚያዝያ 18 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለጋሻዬ፣

የትንሣኤው ጌታ ከፍታህን ያሳየኝ። ሸጌ ኬላ እየሸሸች በአራት ወሯ ገብታለች። መጋቢት 27፣ በመድኃኔዓለም ዕለት። ኩልመስክ፣ ትሁን በምትባለው እህቷ ቤት ናት። እግሯ ቆስሏል እንጂ ሌላ ነገር የለባትም። ወንዙን በታንኳ ነው የተሻገረች፤ እንግዲህ ተንፍስ።

በማግስቱ ሄድኩ። የይማርሽን ተዝካር በጥር አውጥቼ ነበር። ሁለት ዳውላ ገብስ፣ አምስት ጋን ጠላ፤ ካህናቱ ወንበር አልለቅ ብለው ነው የዋሉ። አለሜንም ጠርቼዋለሁ፤ መጥቶ ጠጣ። እና ይህን ልነግራት አዲሱን ጋቢዬን ለብሼ ኩልመስክ ወረድኩ።

ከደጅ እንደቆምኩ፣ እንደምን ከረሙ ሳትለኝ፣ "ከጋሻዬ የመጣ ወሬ አለ?" አለችኝ።

"ታስሮ ነበር፣ ተፈቷል" አልኳት። ቆማ ነበር፣ ተቀመጠች።

"ስንት ቀን?"

"ሃያ።"

"መቱት?"

"አልጻፈም" አልኳት። አንተም አልጻፍክ። እኔም መጠየቁ ትዝ አላለኝም ነበር፤ እሷን ግን ትዝ አላት።

ተዝካሩን ነገርኳት። "እሰይ፣ ነፍሷን ይማር" አለች። ከዚያ የመጣሁበትን ተናገርኩ። አፍ አውጥቼ፣ እህቷ እየሰማች። ሰምታኝ ስትጨርስ፣ "አያ ቢሆነኝ፣ እዚያ መዝገብ ላይ የጋሻዬ ሚስት ነኝ" አለችኝ።

"በግፍ የተጻፈ ነው፤ መዝገቡ ከምንም አይቆጠርም" አልኳት።

"ያዘዙት እነሱ ናቸው። አስጽፈኝ ያልኩት ግን እኔ ነኝ። እርስዎን ስከተል ማንም አላዘዘኝም፤ ከእሱ ጋር ስጻፍም አፌን የያዘኝ የለም። ለኔ ብሎ የታሰረ ሰው እዚያ ተቀምጦ እኔ እዚህ ሰርግ አልደግስም። ይምጣ። ፊቱን አይቼ ነው የምመልስልዎ።"

መልሱ ለማን እንደሚሆን አልነገረችኝም። ስለ መደቡም ጠየቅኳት፤ ጠይቃት ብለህ የለ። "በዚህ ዕድሜዎ?" አለችና እግሯን በጨው ውሃ ማጠቧን ቀጠለች። ትሁን ከጓዳ ስትስቅ ሰምቻታለሁ።

ስመለስ መንገዱን ሁሉ ስቀናብህ ነው የመጣሁ። ብዙ ነገር ነው ያስቀናኝ፤ በቆሎህ፣ ጭሱ፣ ያረረው ቆሎ ሳይቀር። ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። እኔ እንቢ ባይ ነኝ ብዬ ስድሳ አምስት ዓመት ደረቴን ነፋሁ። እኔ እንቢ ስል የተወሰድከው አንተ ነህ። አንተ እንቢ ስትል የታሰርከው አንተው ነህ። ሴትዮዋ ደግሞ ይህን መቁጠር ታውቅበታለች።

ትናንት አለሜ ዘንድ ሄጄ የመንገድ ወረቀት ጠየቅኩ። "ወዴት?" አለኝ።

"ወለጋ፣ ዘመድ ልጠይቅ።"

"ሰፋሪ አይጠየቅም። ደግሞስ ማን ያውቃል፣ ልታስኮበልል ይሆናል። ከቀበሌው ንቅንቅ እንዳትል። ሰምተሃል?"

"ሰምቻለሁ" አልኩት። መስማቱን እውነት ሰምቻለሁ።

እንግዲህ ሂድ ሲሉኝ አልሄድኩም፤ አትሂድ ሲሉኝ ልሄድ ነው። እልኸኛ ሽማግሌ የሚለኝ ይበለኝ። ይህን ወልደ ኪዳን ይዞ ይቀድመኛል፤ በመንግሥት መኪና ያለ ወረቀት ሊጭነኝ አይችልምና አልለመንኩትም። እኔ የግንቦት ልደታን እዚህ ውዬ እነሳለሁ። በፍላቂት በኩል ዋናው ጎዳና ወጥቼ የጭነት መኪና እለምናለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ሸጌ ሌላ ሳትጠይቀኝ በጣቷ መሬት ላይ ስላ አስጠናችኝ፤ ኬላው የት እንደሆነ፣ ባለ ታንኳው ማን እንደሚባል። ስታስጠናኝ "እሱ ዋና አይችልም" አለችኝ። እኔም አልችልም፤ አልጠየቀችኝም።

በዚያው መንገድ አብረን እንመለሳለን። ቤቴ ትገባለህ፤ መሬቴን ለሁለት እንከፍላለን፤ አለሜ የሚለውን ይበል፣ በዚህ ጊዜ ዋሻ አልገባም። ከዚያ ኩልመስክ ሄደን ሁለታችንም ፊቷ እንቆማለን። እኔን ካለች እሰየው። አንተን ካለች እመርቅሃለሁ ብዬ ከወዲሁ አልምልም። ዝም እላለሁ፤ ዝምታዬን እንደ ምርቃት ውሰደው።

ስንቅ አዘጋጅና ጠብቀኝ። ለመንገዱ እንድንበረታ ሁለት ቀን እዚያ ማረፌ አይቀርም። ጎጆው ውስጥ፣ ከመደቡ አጠገብ ግን አልተኛም። ዝናብም ቢሆን ውጭ አንጥፍልኝ።

ወንድምህ ቢሆነኝ ገብረመስቀል